ራፋኤል ሌምኪን፤ ለወንጀሉ ስም ያወጣለት ሰው

ጄኖሳይድ የሚለውን ቃል በክርክራችን ሁሉ እናነሣዋለን፤ ማን እንደ ፈጠረው የሚጠይቅ ግን ከመካከላችን ጥቂት ነው። ፈጣሪው ራፋኤል ሌምኪን የሚባል አይሁዳዊ የሕግ ሰው ነው። በ1900 ዓ.ም. (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፋለን) ያን ጊዜ በሩሲያ ሥር በነበረች፣ ዛሬ በቤላሩስ ውስጥ ባለች የገጠር እርሻ ተወለደ።

ለዚህ ነገር ያነሣሣው ምክንያት በእኛው ዕድሜ፣ በተማሪነቱ የደረሰ ነው። በ1921 አንድ አርመናዊ ወጣት፣ ስለ አርመኖች ፍጅት ዋና ተጠያቂ የነበረውን የቱርክ ሚኒስትር ጣላት ፓሻን በርሊን መንገድ ላይ ገደለው፤ ፍርድ ቤትም በነፃ ለቀቀው። ሌምኪን በልቮቭ ሕግ ሲማር፣ ያ ሚኒስትር በርሊን ተቀምጦ ሲኖር ስለ ምን እንዳልተያዘ መምህሩን ጠየቀ። መምህሩም መንግሥትን የገዛ ዶሮዎቹን ከሚያርድ ገበሬ ጋር አመሳስሎ፣ በዚህ ጣልቃ የሚገባ እንደሌለ አስረዳው። እውነቱን ለመናገር መምህሩ አልተሳሳተም፤ የዘመኑ ሕግ ይኸው ነበር። ተማሪው ግን ይህን መልስ ዕድሜውን ሙሉ አልተቀበለውም።

ኋላ በዋርሶ ዓቃቤ ሕግ ሆነ። በ1933 ማድሪድ ለተሰበሰበ የሕግ ጉባዔ፣ ሕዝብን መፍጀትና ባህሉን ማውደም በማናቸውም አገር ዳኛ ፊት የሚያስቀጣ ወንጀል ይሁን የሚል ሐሳብ ላከ፤ ሰሚ አላገኘም። በ1939 ሂትለር ፖላንድን ሲወር ሸሽቶ ስዊድን ገባ። በዚያም ናዚዎች በያዟቸው አገሮች ያወጧቸውን ዐዋጆች አንድ በአንድ ሰበሰበ። ወንጀለኛው ራሱ አትሞ ያወጣውን ወረቀት ማስረጃ ማድረግ እንዴት ያለ ብልኀት ነው! በ1941 ወደ አሜሪካ ተሻገረ፤ በ1944 ባሳተመው መጽሐፍም ዘር የሚለውን የግሪክ ቃል መግደል ከሚለው የላቲን ቃል ጋር አጋጥሞ ጄኖሳይድ አለው።

ቃሉ በኑረምበርግ በክሱ ላይ ተጻፈ፣ በ1946 ፍርድ ላይ ግን አልተገኘም። ዳኞቹ በሰው ልጅ ላይ የተፈጸመውን ወንጀል ከጦርነቱ ጋር የተያያዘ ሲሆን ብቻ አዩት፤ ጦርነቱ ከመጀመሩ በፊት የሆነው ከሥልጣናቸው ውጭ ቀረ። ሌምኪን ወላጆቹን ጨምሮ 49 ዘመዶቹ አልቀውበታል። ከዚያ በኋላ ደጅ ጠኚ ሆነ፤ መልእክተኞችን በየኮሪደሩ እየጠበቀ ይለምን ነበር። ታኅሣሥ 9 ቀን 1948 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ፓሪስ ላይ ስምምነቱን በ56 ድምፅ ያለ ተቃዋሚ ተቀበለው።

ስምምነቱን ከሁሉ አስቀድማ በሐምሌ 1949 ያጸደቀችው ኢትዮጵያ ናት። ይህ ድንገት የመጣ አይመስለንም። የየካቲት 12ን ፍጅት ያየች አገር፣ ግራዚያኒን ለፍርድ ለማቅረብ ጠይቃ አልተሳካላትም፤ በ1950 ኢጣሊያ ውስጥ የተፈረደበትም ከጀርመኖች ጋር ስለ መተባበሩ እንጂ ስለ ኢትዮጵያ ደም አልነበረም።

ይሁን እንጂ ስምምነቱ ዳኝነቱን የሰጠው ወንጀሉ ለተፈጸመበት አገር ፍርድ ቤት ወይም ወደ ፊት ለሚቋቋም ዓለም አቀፍ ችሎት ነው። ገዳዩ መንግሥት ራሱ ሲሆን የመጀመሪያው መንገድ ምን እንደሚሆን ግልጽ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ገና አልተሠራም ነበር። ሌምኪን በ1959 ኒው ዮርክ ላይ በድህነት ሲሞት ቀባሪው በጣት የሚቈጠር ነበር። በስምምነቱ መሠረት የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ ፍርድ የሰጠው ለሩዋንዳ የተቋቋመው የአሩሻ ችሎት ነው፤ ይህም በ1998 ሆነ። የሔግ ቋሚ ፍርድ ቤት የተመሠረተበት ውል ከ2002 ጀምሮ ጸና፤ እርሱም የሚዳኘው የአገሩ ፍርድ ቤት ሳይችል ወይም ሳይፈቅድ ሲቀር ነው።

በአገራችን ግን ነገሩ በሌላ በር ገባ። የ1957 የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በ281ኛው አንቀጽ፣ ስምምነቱ የተወውን የፖለቲካ ወገንን ማጥፋት ጭምር ጄኖሳይድ አደረገው። ሕጉን ያወጣው መንግሥት ከወደቀ በኋላ፣ በዚሁ አንቀጽ ዓቃቤ ሕግ የደርግን ሹማምንት በአዲስ አበባ ከሰሰበት፤ በታኅሣሥ 2006 ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ዚምባብዌ ሳሉ፣ በሌሉበት ጥፋተኛ ተባሉ።