ታላቁ ቅዱስ አልበርት፦ ተፈጥሮን መርምሮ ፈጣሪን ያከበረ ሊቅ

ቤተ ክርስቲያን በየዓመቱ ኖቬምበር 15 ቀን የምታስበው ታላቁ ቅዱስ አልበርት የትምህርተ መለኮት መምህር ብቻ አልነበረም። ድንጋይንና ማዕድንን፣ ዕፀዋትንና እንስሳትን በዓይኑ አይቶ የመረመረ ሊቅም ነበር። በቦንጋና በመላው ካፋ ኬሚስትሪ የሚማሩ ልጆቻችን አርሴኒክ ስለተባለው ንጥረ ነገር ታሪክ ሲያነቡ ከዚህ ቅዱስ ስም ጋር ሊገናኙ ይችላሉና፣ ሕይወቱን በአጭሩ ማወቅ ይጠቅመናል።

አልበርት በ1200 ዓ.ም. ገደማ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በጀርመን አገር፣ በዳኑብ ወንዝ ዳር በምትገኘው በላውይንገን ከተማ ተወለደ። በኢጣሊያ በፓዶቫ ሲማር ሳለ በ1223 ዓ.ም. ገደማ ወደ ዶሚኒካውያን ማኅበር ገባ። በፓሪስ ዩኒቨርሲቲ ባስተማረበት ዘመን ቅዱስ ቶማስ አኩዊናስ ደቀ መዝሙሩ ነበር። በ1248 ዓ.ም. በኮሎኝ የማኅበሩን ከፍተኛ ትምህርት ቤት አቋቋመ፤ በ1254 ዓ.ም. ደግሞ የጀርመን ዶሚኒካውያን አለቃ ሆኖ ተመረጠ። በዚህ ኃላፊነቱ ገዳማቱን የጎበኘው በእግሩ እየተጓዘ ነበር። በ1260 ዓ.ም. የሬገንስቡርግ ጳጳስ ሆኖ ተሾመ፤ ነገር ግን ሁለት ዓመት ያህል ካገለገለ በኋላ ሹመቱን በፈቃዱ ትቶ ወደ ማስተማርና ወደ መጻፍ ተመለሰ።

አልበርት የማዕድንን ጠባይ ለማወቅ ሲል ረጅም መንገድ ተጉዞ የማዕድን ጉድጓዶችን እንደ ጎበኘ በመጽሐፉ ገልጿል። ስለ ማዕድናት በጻፋቸው አምስት መጻሕፍት በመጨረሻው፣ በድንጋይና በብረታ ብረት መካከል ያሉ ነገሮችን ለብቻቸው መደባቸው፤ አርሴኒክንም ከእነዚህ ጋር ቈጠረው። ቢጫውን የአርሴኒክና የድኝ ማዕድን ከሳሙና ጋር አሙቆ አርሴኒክን ለብቻው በማውጣት የመጀመሪያው እንደ ሆነ ብዙ የኬሚስትሪ ታሪክ ጸሐፊዎች ይመሰክሩለታል።

የአልበርት ምደባ ጨውን የመሰሉ ነገሮችንም ስለሚጨምር ከዛሬው ምደባ ጋር አንድ አይደለም። የንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ በሩስያዊው ሜንዴሌዬቭ የተዘጋጀው ከስድስት መቶ ዓመት በኋላ፣ በ1869 ዓ.ም. ነው። ዛሬ 118 ንጥረ ነገሮችን በያዘው ሰንጠረዥ አብዛኞቹ ብረታ ብረት ናቸው። በቀኝ በኩል እንደ ኦክስጅንና እንደ ድኝ ያሉ ብረት ያልሆኑት ይገኛሉ። በሁለቱ ድንበር ላይ ቦሮን፣ ሲሊከን፣ ጀርማንየም፣ አርሴኒክ፣ አንቲሞኒና ቴሉርየም ተሰልፈዋል፤ እነዚህ ሜታሎይድ ይባላሉ። አብዛኞቹ እንደ ብረት ያብረቀርቃሉ፤ በመዶሻ ሲመቱ ግን እንደ ሸክላ ይሰባበራሉ። ብረት ሲሞቅ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ኃይሉ ይቀንሳል፤ የሲሊከንና የጀርማንየም ግን ይጨምራል። በየቤቱ ብርሃን የሚሰጠው የፀሐይ ኃይል መሣሪያና የእጅ ስልካችን የሚሠሩት በሲሊከን ነው፤ ሲሊከንም ከተራ አሸዋ ይገኛል።

አርሴኒክ ግን መርዝ ነው። በአገራችን በስምጥ ሸለቆ በአንዳንድ የከርሰ ምድር ውኃዎች ውስጥ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ከወሰነው በሊትር 10 ማይክሮግራም በላይ አርሴኒክ እንደሚገኝ በምርመራ ታውቋል። በውኃ ውስጥ ሲሟሟ ቀለምም ሽታም ጣዕምም የለውም። ለብዙ ዓመታት የጠጣው ሰው ቆዳው ሲጎዳና በካንሰር ሲያዝ፣ ምክንያቱን የማያውቅ ጎረቤት በቡዳ ወይም በመተት ሊያመካኝ ይችላል። እውነቱን የሚገልጠው የውኃው ምርመራ ብቻ ነው። እንግዲህ ተፈጥሮን መመርመር ንጹሕን ሰው ከሐሰት ክስ፣ የታመመውንም ከሞት ያድናል።

አልበርት ራሱ ከዚህ ዓይነት ሐሜት አልዳነም። እውቀቱን ያልተረዱ ሰዎች አስማተኛ ነው አሉት፤ ከሞተ በኋላም እርሱ ያልጻፋቸው የአስማት መጻሕፍት በስሙ ተሠራጩ። እርሱ ግን የሐሰትን ነገር በእሳት የሚፈትን ሰው ነበር። ሰው ሠራሽ ወርቅ ነው የተባለውን አስመጥቶ ስድስት ሰባት ጊዜ በእሳት እንዲፈተን አደረገ፤ ያም ወርቅ የተባለው ነገር በመጨረሻ ተቃጥሎ ጠፋ። ፈጣሪ ለፍጥረቱ ሥርዓት እንደ ሰጠ ስላመነ፣ ያን ሥርዓት መፈለግ ከእምነት የሚያርቅ ሆኖ አልታየውም።

ቅዱስ አልበርት ኖቬምበር 15 ቀን 1280 ዓ.ም. በኮሎኝ ዐረፈ። ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 11ኛ በ1931 ዓ.ም. ቅድስናውን አውጀው የቤተ ክርስቲያን መምህር ብለው ሰየሙት፤ ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 12ኛም በ1941 ዓ.ም. የተፈጥሮ ሳይንስ ሊቃውንት ጠባቂ አደረጉት።

ውድ ምእመናን፣ ክቡራን የትምህርተ ክርስቶስ አስተማሪዎች፦ በ2010 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት በመዘገበው በካፋ ደን መካከል የሚያድጉ ልጆቻችን ስለ ቅጠሉ፣ ስለ አፈሩና ስለ ምንጩ ሲጠይቁ፣ ጥያቄያቸውን እንደ ድፍረት አንቍጠረው። ታላቁ ቅዱስ አልበርትም በዚሁ መንገድ በእግሩ ሄዷል።