የረከሰ እህልና የነቀዘ እህል፦ የቤንጃሚን ግርሃም ሕይወትና ውጤቱ የወረደ ፈንድ

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ጠዳ ለሸመታ የወጣ ሰው የሽምብራ ዋጋ ከወትሮው ወርዶ ቢያገኝ፣ ወዲያው ገንዘቡን አይቆጥርም። እጁን ወደ ጆንያው ከትቶ ከሥር ያለውን እህል አፍሶ ያያል። ዋጋው የወረደው አዝመራው ገና ከአውድማ በመግባቱ ከሆነ ገዝቶ ማስቀመጥ ያዋጣል፤ ነቀዝ ስለገባበት ከሆነ ግን ርካሽነቱ ራሱ ኪሳራ ነው። ሁለቱም ጆንያዎች በዋጋ ይመሳሰላሉ፤ የሚለያዩት በውስጣቸው ባለው ነገር ነው።

ተመሳሳይ ጥያቄ በካፒታል ገበያም ይነሣል። የብዙ ሰዎችን ገንዘብ አሰባስቦ፣ ከእውነተኛ ዋጋቸው በታች የሚሸጡ አክሲዮኖችን እየመረጠ የሚገዛ ሚውቹዋል ፈንድ ለተከታታይ ዓመታት ዝቅተኛ ውጤት ቢያስመዘግብ፣ ባለገንዘቡ ሊገዛው ነው ወይስ ሊሸሸው የሚገባ? የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ከወጣና የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. በይፋ ከተከፈተ ወዲህ፣ ጥያቄው ለኢትዮጵያዊ ቆጣቢም ሩቅ አይደለም። ይህ አጭር ጽሑፍ መልሱን የሚፈልገው የዚህን የአገዛዝ ስልት መሠረት በጣሉት፣ በስልቱም ክፉኛ በከሰሩት በቤንጃሚን ግርሃም ሕይወት ውስጥ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ግርሃም ግንቦት 9 ቀን 1894 በለንደን ተወለዱ። የአንድ ዓመት ሕፃን ሳሉ ቤተሰባቸው ወደ ኒው ዮርክ ተሻገረ። አባታቸው የሸክላና የገበታ ዕቃ ነጋዴ ነበሩ፤ እርሳቸው በ1903 ሲሞቱ ንግዱ ፈረሰ። እናታቸው በብድር አክሲዮን ገዝተው ስለነበር በ1907 የገንዘብ ቀውስ የቀረቻቸውን ጥሪት አጡ። ስለዚህ ልጁ የብድርን አደጋ ከመጽሐፍ አስቀድሞ ከቤቱ ተምሮታል ማለት ይቻላል፤ ትምህርቱ ግን በኋላ ሲፈተን እንደሚታየው ሙሉ አልነበረም።

በ1914 ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ከክፍላቸው ሁለተኛ ሆነው ተመረቁ። በሦስት የትምህርት ክፍሎች እንዲያስተምሩ ቢጠየቁም የዎል ስትሪትን የደላላ ቢሮ መረጡ። በዚያ ዘመን አክሲዮን በአብዛኛው የሚገዛው በወሬና በግምት ነበር። ግርሃም ግን የኩባንያዎችን የሂሳብ መግለጫ እያገላበጡ ማንበብን ሥራቸው አደረጉ። በ1926 ኖርዘርን ፓይፕላይን የተባለ የነዳጅ ማስተላለፊያ ኩባንያ ለመንግሥት ባስገባው ሰነድ ውስጥ፣ ለእያንዳንዱ አክሲዮን 95 ዶላር ያህል የሚደርስ ቦንድና መሰል ሀብት እንዳለው አገኙ። አክሲዮኑ ግን በገበያ የሚሸጠው በ65 ዶላር ነበር። ገዙ፤ ከአስተዳደሩ ጋርም ተከራከሩ፤ በ1928 ኩባንያው ለእያንዳንዱ አክሲዮን 70 ዶላር ለባለቤቶቹ መለሰ። ጆንያውን ከፍቶ ማየት ማለት ይህ ነበር።

በዚያው በ1926 የወዳጆቻቸውን ገንዘብ አሰባስበው በ450 ሺህ ዶላር የጋራ ሂሳብ ከፈቱ፤ ብዙም ሳይቆይ ጀሮም ኒውማን ተቀላቀሏቸው። ሂሳቡ በ1929 መጀመሪያ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። በዚያ ዓመት መጸው ገበያው ወደቀ፤ ፈንዱም 20 በመቶ ከሰረ። በ1930 መጀመሪያ ግርሃም ክፉው ጊዜ ያለፈ መስሏቸው ተጨማሪ ተበድረው ገዙ። በፍሎሪዳ ያገኟቸው የ93 ዓመት አዛውንት ነጋዴ የያዙትን ሸጠው ዕዳቸውን እንዲከፍሉ ቢመክሯቸውም አልሰሙም። ያ ዓመት ከሁሉ የከፋ ሆነ፤ ፈንዱ የገንዘቡን ግማሽ አጣ። እስከ 1932 መጨረሻ የአራቱ ዓመታት ኪሳራ ሲደመር 70 በመቶ ደረሰ።

በ1932 የግርሃምን ፈንድ ውጤት ብቻ ያየ ባለገንዘብ ሥራ አስኪያጁ የማይረቡ ናቸው ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም ነበር። ኪሳራውን ለይቶ ያየ ሰው ግን ሁለት የተለያዩ ምክንያቶችን ያገኛል። አንደኛው ገበያው በሙሉ መውደቁ ነው፤ የዳው ጆንስ መለኪያ ከመስከረም 1929 እስከ ሐምሌ 1932 ከ381 ወደ 41 ወርዷል። ሁለተኛው ብድሩ ነው። የመጀመሪያው ጊዜ የሚሽረው የዋጋ መውረድ ሲሆን፣ ሁለተኛው ነቀዝ ነበር፤ በርካሽ የተገዛው አክሲዮን እስኪያገግም ድረስ እንዳይጠበቅ አበዳሪው ቀድሞ ይጠይቃልና።

ግርሃም በዚያው ዓመት ከተማሪዎቻቸው ጋር ወደ 600 የሚጠጉ የኢንዱስትሪ ኩባንያዎችን መረመሩ። ከሦስቱ አንዱ በላይ የሚሸጠው፣ ጥሬ ገንዘቡ፣ የዕቃ ክምችቱና ተሰብሳቢ ሂሳቡ ተደምሮ ዕዳው ሁሉ ቢቀነስለት ከሚተርፈው ባነሰ ዋጋ እንደሆነ ታወቀ። ፈንዱ እጅግ የተጎዳበት ወቅት በውስጡ ያለው ሀብት እጅግ የረከሰበትም ወቅት ነበር። የሥራ ውላቸው ከትርፍ ብቻ እንዲከፈላቸው ስለሚያዝ፣ ግርሃምና ኒውማን ኪሳራው እስኪመለስ ድረስ ለዓመታት ያለ ክፍያ ሠሩ፤ ግርሃም በማስተማር፣ በመጻፍና በፍርድ ቤት ሙያዊ ምስክርነት በመስጠት ኖሩ። በ1935 መጨረሻ የቆዩት ባለገንዘቦች ኪሳራ ሙሉ በሙሉ ተመለሰ። ገንዘባቸውን ቀድመው ያወጡት ግን ኪሳራውን ይዘው ቀሩ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሥራ የዚህ ፈተና ፍሬ ነው። በ1934 ከዴቪድ ዶድ ጋር ስለ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ትንተና የጻፉት መጽሐፍ ታተመ፤ በ1949 ደግሞ ለተራው ባለገንዘብ የታሰበውን መጽሐፋቸውን አወጡ። የትምህርታቸው ማዕከል በአንድ ንብረት እውነተኛ ዋጋና በተከፈለበት ዋጋ መካከል ሰፊ ልዩነት እንዲኖር መጠየቅ ነው፤ ልዩነቱ የገዢውን የስሌት ስህተትና የዕድል መጥፎነት ይሸከማል። ስለ ፈንዶች ሲጽፉም በአጭር ጊዜ ከፍተኛ ውጤት ያሳየን ፈንድ በጥርጣሬ እንዲመለከቱ አሳስበዋል። ድርሻው እንደ አክሲዮን በገበያ የሚሸጥ ፈንድ ከያዘው ሀብት ከ10 እስከ 15 በመቶ ባነሰ ዋጋ ሲገኝ መግዛትን፣ የሽያጭ ክፍያ ተጨምሮበት ከሀብቱ በላይ ከሚሸጠው ፈንድ አስቀድመዋል።

ሕይወታቸው የሕጋቸውን ወሰንም ያሳያል። በ1948 ፈንዳቸው የጋይኮ መድን ኩባንያን ግማሽ ድርሻ ከ700 ሺህ ዶላር በጥቂቱ በሚበልጥ ዋጋ ገዛ። ከዚህ አንድ ግዢ የተገኘው ትርፍ በብዙ ዓመታት ትጋት ከተለቀሙት ርካሽ አክሲዮኖች ትርፍ ድምር በለጠ። ግርሃም ይህን ሳይሸሽጉ ጽፈዋል። ከ1954 ጀምሮ ዋረን በፌት በድርጅታቸው ሠሩ፤ ድርጅቱ በ1956 ተዘጋ። ግርሃም መስከረም 21 ቀን 1976 በፈረንሳይ አርፈዋል።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው መመዘኛ ከውጤት ሰንጠረዥ አስቀድሞ ይነበባል። ፈንዱ የወረደው የያዛቸው አክሲዮኖች ከሀብታቸውና ከገቢያቸው ይበልጥ ስለረከሱ ከሆነ፣ ሥራ አስኪያጁም ስልቱን ካልቀየረና ከኪሳራው ከተካፈለ፣ ዝቅተኛው ውጤት የመግዣ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ኩባንያዎቹ ራሳቸው ገቢ እያጡ፣ ፈንዱ በብድር እየተንቀሳቀሰ ወይም ክፍያው ከባድ ሆኖ ሳለ ውጤቱ ከወረደ ግን ርካሽነቱ ወጥመድ ነው። ትክክለኛ ምርጫም ቢሆን ዓመታት ሊጠይቅ ስለሚችል፣ ለዘር፣ ለትምህርት ቤት ክፍያ ወይም ለሕክምና የተቀመጠ ገንዘብ እዚያ ሊገባ አይገባውም። በ1930 ግርሃምን የጎዳቸው የአክሲዮኖቹ ርካሽነት ሳይሆን፣ የመጠበቂያ ጊዜያቸው በሌላ ሰው እጅ መውደቁ ነው።