ዋልተር ካነን፦ ፍርሃትንና ቁጣን ከሆድ ጀምሮ የመረመረ ሊቅ

አማርኛችን ስለ ፍርሃትና ስለ ቁጣ ሲናገር ወደ ሆድ ዕቃ ይሄዳል። የፈራውን ሰው ሐሞቱ ፈሰሰ እንለዋለን፤ የተናደደው አንጀቱ አረረ ይባላል። ይህን ያሉ ወላጆቻችን ላቦራቶሪ አልነበራቸውም፤ ያወቁት ከኑሮ ነው። ፍርሃትና ቁጣ በሆድ፣ በደምና በልብ ላይ ምን እንደሚሠሩ በምርመራ አንድ በአንድ ካሳዩት ሰዎች መካከል ግንባር ቀደሙ ዋልተር ብራድፎርድ ካነን የተባለው አሜሪካዊ የፊዚዮሎጂ ሊቅ ነው። ዛሬ ሴሮቶኒን የተባለውን የአንጎል ንጥረ ነገር በአይጦች ላይ የሚያጠኑ ተመራማሪዎችም እሱ በከፈተው መንገድ የሚጓዙ ናቸው። በየክፍሉ የሚፈሩ፣ የሚቆጡና የሚቸኩሉ ሕፃናት ስለሚጠብቁን የዚህን ሰው ሕይወት ማወቅ ለእኛ ለዕጩ መምህራን ትርፍ ነገር አይደለም። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከትምህርት ቤት ወጥቶ የተመለሰው ልጅ

ካነን በኦክቶበር 19 ቀን 1871 በዊስኮንሲን ክፍለ ግዛት፣ ፕሬሪ ዱ ሺን በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ የባቡር ድርጅት ሠራተኛ ነበር። እናቱ የሞተችበት ገና በ10 ዓመቱ ነው። ዕድሜው 14 ሲሆን አባቱ ልጁ ለትምህርቱ ልብ አልሰጠም ብሎ ከትምህርት ቤት አስወጣውና በባቡር ድርጅት ቢሮ ሥራ አስገባው። ሁለት ዓመት ያህል እዚያ ከቆየ በኋላ ልጁ ራሱ ትምህርት ናፈቀው። ተመልሶም የአራቱን ዓመት ሁለተኛ ደረጃ በሦስት ዓመት ጨረሰ።

ታዲያ በዚያ ትምህርት ቤት ሜይ ኒውሰን የምትባል የእንግሊዝኛ መምህርት ነበረች። የልጁን ችሎታ ተመልክታ ወደ ሩቁ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ እንዲያመለክት ያበረታታችው እሷ ናት። ካነን በ1892 ሃርቫርድ ገባ፤ በ1896 የመጀመሪያ ዲግሪውን፣ በ1900 ደግሞ የሕክምና ዲግሪውን ተቀበለ። መሐል ላይ ልቡ ወደ ፍልስፍና ሸፍቶ ነበር፤ ነገር ግን መምህሩ ዊልያም ጄምስ፣ እሱ ራሱ የታወቀ ፈላስፋ ሆኖ ሳለ፣ ይቅርብህ ብሎ መከረው።

ተማሪ ሳለ ለማስተማር ዘዴም ተጨንቋል። የሕክምና ተማሪዎች ለብዙ ሰዓት ተቀምጠው ንግግር ብቻ ሲያዳምጡ፣ ሕግ የሚያጠናው የክፍል ጓደኛው ግን በእውነተኛ ጉዳዮች ላይ ከባልንጀሮቹ ጋር ሲከራከር እንደሚያመሽ አየ። ስለዚህ በ1900፣ የበሽተኞች ታሪክ ታትሞ ለተማሪዎች ይሰጥ፣ በሽታው ምን እንደሆነ ራሳቸው ተወያይተው ይድረሱበት የሚል ሐሳብ ጽፎ አወጣ። ዛሬ እኛ የማስተማር ዘዴ በሚለው ትምህርት ውስጥ ተማሪን ማሳተፍ የምንለውን ነገር እሱ ያኔ ገና ሳይመረቅ ተከራክሮለታል ማለት ነው።

ድመቷና ራጁ

ሮንትገን ጨረሩን ያገኘው በ1895 መጨረሻ ነው። ዓመት እንደሞላው የፊዚዮሎጂው መምህር ቦውዲች፣ ካነንና አንድ ጓደኛው በዚህ አዲስ መሣሪያ ምግብ ሲዋጥ እንዲመለከቱ ሥራ ሰጣቸው። በመጀመሪያ አንድ ውሻ ቁልፍ ሲውጥ አዩ፤ ቀጥሎ የዝይን ረጅም ጉሮሮ ተመለከቱ። ኋላ ካነን ለድመቶች ቢስመዝ ከተባለ ንጥረ ነገር ጋር የተቀላቀለ ምግብ ሰጠ። ቢስመዝ ጨረር አያሳልፍምና ጨጓራው በመስተዋቱ ላይ እንደ ጥላ ታየው። ጨጓራው እየተኮማተረ ምግቡን ሲገፋ ማዕበል ይመስላል።

ነገር ግን አንዳንድ ጊዜ ማዕበሉ ድንገት ቀጥ ይላል። ይህ የሚሆነው በተለይ ወንዶቹ ድመቶች ታስረው ሲቆጡና ሲታገሉ ነበር። ድመቷ ስትደባበስና ስትረጋጋ ደግሞ ጨጓራው ሥራውን ይጀምራል። ሌላ ሰው ቢሆን ድመቷ ሥራዬን አበላሸችብኝ ብሎ ያልፈው ነበር። ካነን ግን መበላሸቱን ራሱን ጥያቄ አደረገው፤ ቁጣና ፍርሃት የምግብን መፈጨት የሚያቆሙት ስለምንድን ነው?

ለዚህ ጥያቄ መልስ ሲፈልግ ብዙ ዓመት ሠራ። በ1902 ረዳት ፕሮፌሰር ሆነ፤ በ1906 የቦውዲችን ቦታ ይዞ እስከ 1942 ድረስ የሃርቫርድን የፊዚዮሎጂ ክፍል መራ። በ1901 ኮርኔሊያ ጄምስን አግብቶ አምስት ልጆች ወልደዋል።

አደጋ ሲመጣ

በ1911 ካነንና ባልደረባው ደ ላ ፓስ አንድ ሙከራ አደረጉ። ድመቷ ውሻ ሲጮህባት ከመደንገጧ በፊትና ከደነገጠች በኋላ፣ ከኩላሊት በላይ ካሉት ዕጢዎች ወደሚመጣው ደም ቀረብ ብለው ደም ቀዱ። ደሙን በአንጀት ቁራጭ ላይ ሲያፈሱት የሰላሙ ጊዜ ደም ምንም ለውጥ አላመጣም። የድንጋጤው ጊዜ ደም ግን እንቅስቃሴውን አቆመው። በደሙ ውስጥ አድሬናሊን እንደገባ ያወቁት በዚህ ነው።

ቀስ በቀስ ሥዕሉ ተሟላ። እንስሳ ሲፈራ ወይም ሲቆጣ ልቡ ይመታል፤ ደም ከሆድ ዕቃ ወደ ጡንቻ ይሄዳል፤ ጉበት ስኳር ይለቃል፤ ደሙ ቶሎ ይረጋል። ሁሉም አንድ ዓላማ አለው፤ ወይ ተዋግቶ ወይ ሮጦ ለማምለጥ መዘጋጀት ነው። ለዚያች ደቂቃ ምግብ መፍጨት ቅንጦት ነውና ይቆያል።

ነገሩ የድመት ብቻ አለመሆኑን ለማየት ተመራማሪዎቹ ወደ ሰው መጡ። በ1913 የሃርቫርድ የአሜሪካን እግር ኳስ ቡድን የዓመቱን ታላቅ ግጥሚያ እንደጨረሰ የ25 ተጫዋቾች ሽንት ተመረመረ፤ በ12ቱ ስኳር ተገኘ። ከእነዚህ 12 ውስጥ አምስቱ ጭራሽ ወደ ሜዳ ያልገቡ ተጠባባቂዎች ነበሩ! ተቀምጠው ሲያዩ ነው ሰውነታቸው የተዋጋው። በዘጠኝ የሕክምና ተማሪዎች ላይ በተደረገው ምርመራ ደግሞ ከከባድ ፈተና በኋላ አራቱ፣ ከቀላል ፈተና በኋላ አንዱ ብቻ በሽንታቸው ስኳር አሳዩ። ፈተና ለሚፈራ ሁሉ ይህ ቁጥር ብዙ ይናገራል።

ካነን ይህን ሁሉ በ1915 ባወጣው መጽሐፍ አጠቃለለው። እዚያው በጥንት ሕንድ ስለነበረ አንድ የፍርድ ዘዴ አንሥቷል። የተጠረጠሩ ሰዎች ሩዝ አኝከው እንዲተፉ ይደረግና፣ ደረቅ ሩዝ የተፋው ጥፋተኛ ይባላል። ፍርሃት ምራቅን ስለሚያደርቅ ነው። እስቲ እናስብ፤ ንጹሕም ሰው እኮ ዳኛ ፊት ሲቀርብ ይፈራል! አፉ የደረቀ ሁሉ ጥፋተኛ ቢሆን ኖሮ በክፍላችን ስንት ንጹሕ ልጅ በተፈረደበት!

ከሆድ ወደ አንጎል

ዊልያም ጄምስ ስሜት የሚመጣው ከሰውነት ለውጥ ነው ብሎ ያስተምር ነበር፤ ስለምንሸሽ እንፈራለን እንደማለት ነው። የቀድሞ ተማሪው ካነን ይህን በ1927 ባወጣው ጽሑፍ ተቃወመ። በፍርሃትም በቁጣም የሆድ ዕቃው ለውጥ ተመሳሳይ ከሆነ፣ ሁለቱን ስሜቶች የሚለያቸው ሌላ ቦታ መኖር አለበት አለ። በ1925 ካነንና ብሪተን የላይኛው የአንጎላቸው ክፍል የተነሣ ድመቶች ያለ በቂ ምክንያት በኃይል ሲቆጡ አይተው ነበር። ኋላ ተማሪው ፊሊፕ ባርድ የዚህ ቁጣ መነሻ ከአንጎል ሥር ያለው ሃይፖታላመስ የተባለው ክፍል መሆኑን አሳየ። የላይኛው አንጎል ልጓም ነው፤ ልጓሙ ሲወልቅ ቁጣው ይፈነዳል።

ሰውነት ከአደጋ በኋላ ወደ ሚዛኑ የሚመለስበትን ሥርዓት ሆሚዮስታሲስ ብሎ የሰየመውም ካነን ነው። ከሩሲያዊው ሊቅ ከፓቭሎቭ ጋር የልብ ወዳጅ ነበር፤ በ1935ም ለፊዚዮሎጂ ጉባኤ ሌኒንግራድ ድረስ ሄዷል። በምርምር ላይ ያሉ እንስሳት እንዳይንገላቱ የሚደነግግ ደንብ ካወጡትም አንዱ ነው።

በሁሉ ነገር ግን ልክ አልነበረም። የነርቭ መልእክት ስለሚያደርሱ ንጥረ ነገሮች ያቀረበው ሐሳብ ኋላ ስሕተት ሆኖ ተገኝቷል። በ1936 ለዚህ የጥናት መስክ የተሰጠው የኖቤል ሽልማትም ለሌቪና ለዴል ነው የደረሰው።

የወጣትነት ሥራው ደግሞ ዋጋ አስከፍሎታል። በዚያን ዘመን የጨረር መከላከያ የሚባል ነገር አይታወቅም፤ ካነን ለብዙ ሰዓት ከመሣሪያው ሥር ይቆም ነበር። ኋላ ቆዳው ታመመ፤ ሕመሙም ከዚያ ጨረር የመጣ ነው ተባለ። እንዲያም ሆኖ እስከ መጨረሻው እየጻፈ ቆይቶ በኦክቶበር 1 ቀን 1945 ሞተ።

አይጦቹ ምን አሉ?

ካነን በሞተ በሦስት ዓመቱ፣ በ1948፣ በክሊቭላንድ ከተማ ራፖርት፣ ግሪንና ፔጅ ከደም ውስጥ አንድ ደም ሥር የሚያጠብብ ንጥረ ነገር ለይተው ሴሮቶኒን አሉት። ኢጣሊያዊው ኤርስፓመርም ቀደም ብሎ በ1930ዎቹ ከጨጓራና ከአንጀት ያገኘው ነገር ይኸው ሴሮቶኒን መሆኑ በ1952 ታወቀ። በ1953 ቤቲ ትዋሮግና ፔጅ በአንጎልም ውስጥ እንዳለ አሳዩ። በሰውነት ውስጥ ካለው ሴሮቶኒን ከመቶ 90 ያህሉ የሚገኘው በአንጀት ነው። እንግዲህ ካነን በድመቶቹ ሆድ ላይ ዓይኑን ተክሎ ሲውል፣ ሳያውቀው የሴሮቶኒንን ዋና ሰፈር ነበር የሚያየው።

በ1960ዎቹ በሚላኖ ቫልዜሊና ጋራቲኒ አይጦችን ለሳምንታት ለየብቻቸው አስቀመጡ። ብቻውን የቆየ አይጥ ሌላ አይጥ ሲቀርበው ይናከሳል። እንዲህ ተናካሽ በሆኑት አይጦች አንጎል ውስጥ ሴሮቶኒን የሚሠራበትና የሚፈርስበት ፍጥነት ቀንሶ ተገኘ። በ1994 ከሴሮቶኒን ተቀባዮች አንዱ፣ አንድ ቢ የሚባለው፣ የሌላቸው አይጦች እንዲፈጠሩ ተደረገ፤ እነዚህም እንግዳ አይጥ ሲገባባቸው ከሌሎቹ ፈጥነውና በርትተው ተዋጉ። በ1998 ደግሞ ሦስት ላቦራቶሪዎች በየፊናቸው አንድ ኤ የሚባለው ተቀባይ የሌላቸውን አይጦች ፈተኑ፤ እነዚያ ተዋጊ ሳይሆኑ ፈሪ ሆኑ፤ ከሜዳው መሐል እየሸሹ ጥግ ጥጉን ያዙ።

የችኮላውም ነገር ተፈትኗል። በ1997 በካምብሪጅ፣ መብራት እስኪበራ ጠብቀው አፍንጫቸውን ወደ ቀዳዳ ቢያስገቡ ምግብ እንደሚያገኙ የተማሩ አይጠ መጎጦች የአንጎላቸው ሴሮቶኒን ሲቀነስ ትዕግሥት አጡ፤ መብራቱ ሳይበራ ይገባሉ። በ2014 በጃፓን የተደረገው ሙከራ ደግሞ የዚህን ግልባጭ አሳየ፤ ሴሮቶኒን የሚለቁት የአይጥ የነርቭ ሕዋሳት ሲቀሰቀሱ አይጡ ምግቡን ረዘም ላለ ጊዜ ጠበቀ።

ከዚህ ተነሥቶ ሴሮቶኒን የሰላም መድኃኒት ነው ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። ሥራው እንደ ተቀባዩና እንደ አንጎሉ ቦታ ይለያያል። የሚላኖዎቹ አይጦች ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምራሉ፤ ጂናቸውን ማንም አልነካውም፤ ተናካሽ ያደረጋቸው አኗኗራቸው ነው፤ ያ አኗኗር ግን አንጎላቸው ውስጥ ገብቶ ተገኘ።

ለእኛስ?

ሕፃን አይጥ አይደለም፤ የላቦራቶሪ ውጤትም ተገልብጦ ለክፍል ሕግ አይሆንም። ሆኖም ካነን ካሳየው ውስጥ ለመምህር የሚሆን እውነት አለ። ፍርሃትና ቁጣ የጠባይ ብልሹነት ብቻ አይደሉም፤ የሰውነት ሥራዎች ናቸው። አለንጋ የያዘ መምህር ፊት ጸጥ ያለ ክፍል የተረጋጋ ክፍል ላይሆን ይችላል። ያ ልጅ ለመሮጥ ተዘጋጅቶ የሚሮጥበት ቦታ አጥቶ የተቀመጠ ሊሆን ይችላል። ጥያቄው ሳያልቅ የሚጮኸውን፣ በትንሽ ነገር የሚማታውንም ልጅ ባለጌ ብለን ከመደምደማችን በፊት እንዴት እንደሚኖር ብንጠይቅ መልካም ነው።

እኛም ብንሆን ለልምምድ ማስተማር ለመጀመሪያ ጊዜ ጥቁር ሰሌዳው ፊት ስንቆም አፋችን ይደርቃል፤ ልባችን ይመታል፤ ጠመኔው ከእጃችን ይወድቃል። በዚያች ሰዓት የካነንን ድመት እናስታውስ። ሰውነታችን ለውጊያ ነው የተዘጋጀው፤ ከፊታችን የተቀመጡት ግን ጠላቶች አይደሉም። ጥቂት ከተነፈስን በኋላ ይመለስልናል፤ ከዚያ ትምህርቱን እንጀምር።