ዶክቶር ሳሙኤል ጆንሰንና ትንንሾቹ ቃላት

እንግሊዝኛ የሚማር ተማሪ ሁሉ ስማቸውን ሊያውቅ ከሚገባው ሰዎች አንዱ ሳሙኤል ጆንሰን ነው። ይህ ስመ ጥር ሊቅ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1709 ዓ.ም. ሊችፊልድ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ተወለደ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ የተጻፉት በዚሁ አቆጣጠር ነው። አባቱ መጻሕፍት ሻጭ ነበር፤ ዳሩ ግን ንግዱ ስላልቀናው ቤተሰቡ በዕዳ ይቸገር ነበር። ልጁም ገና በሕፃንነቱ የአንገት እጢ በሽታ ይዞት በመልኩ ላይ ጠባሳ ተወበት፤ አንደኛው ዓይኑም ማየት እስኪሳነው ድረስ ደከመ። ይሁን እንጂ በአባቱ ሱቅ ውስጥ ያገኘውን መጽሐፍ ሁሉ በቀረችው ዓይኑ ያነብ ነበር።

በ1728 ዓ.ም. ወደ ኦክስፎርድ ገባ። ጫማው ተቀዶ ጣቱ ሲታይ ያዘነለት አንድ ሰው አዲስ ጫማ በደጃፉ ቢያኖርለት፣ ተቆጥቶ ወረወረው ይባላል። ገንዘቡ አልቆ ከ13 ወር በኋላ ትምህርቱን ሳይፈጽም ወጣ። በ1735 ዓ.ም. ጄሮኒሞ ሎቦ የተባለው ፖርቱጋላዊ ቄስ ስለ አገራችን ስለ ኢትዮጵያ የጻፈውን የጉዞ ታሪክ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ አምስት ጊኒ ተከፈለው። በዚያው ዓመት ገደማ ትምህርት ቤት ቢከፍትም የመጡለት ተማሪዎች ጥቂት ስለ ነበሩ ተዘጋ። በ1737 ዓ.ም. ከተማሪዎቹ አንዱን ዴቪድ ጋሪክን አስከትሎ እንጀራ ፍለጋ ወደ ሎንዶን ወረደ። ጋሪክ በኋላ ታላቅ የቴአትር ተጫዋች ሆኗል።

በ1746 ዓ.ም. የሎንዶን መጻሕፍት ነጋዴዎች የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት እንዲያዘጋጅላቸው በ1575 ፓውንድ ተዋዋሉት። የረዳቶቹንም ደመወዝ የሚከፍለው ከዚሁ ገንዘብ ነበር። በሦስት ዓመት እጨርሳለሁ ብሎ የጀመረው ሥራ ዘጠኝ ዓመት ያህል ፈጀበት። እሱ መጻሕፍት እያነበበ ቃሉን ያሰምርበታል፤ ስድስቱ ረዳቶች ደግሞ በሰገነቱ ላይ ቆመውም ተቀምጠውም ይገለብጣሉ።

ብዙ ሰዎች ጆንሰንን የሚያስታውሱት በረጃጅምና በከባድ ቃላቱ ነው። እኔ ግን ከሁሉ ይልቅ የሚደነቅለት ለትንንሾቹ ቃላት ያደረገው ጥንቃቄ ይመስለኛል። «ጊቭ» መስጠት ነው፤ «አፕ» ወደ ላይ ነው፤ «ጊቭ አፕ» ግን ወደ ላይ መስጠት ሳይሆን መተው ነው። «ሴት» ማስቀመጥ፣ «አውት» ወደ ውጭ ሲሆን፣ ሁለቱ ሲጋጠሙ ጉዞ መጀመር ይሆናሉ። እንግሊዛዊው ይህን ከእናቱ ጋር ሲነጋገር ስለሚለምደው አይታወቀውም። ጆንሰን ግን በመዝገበ ቃላቱ መቅድም ላይ ከእንግሊዝኛ ነገር ሁሉ ባዕዳንን አብልጦ የሚያስቸግራቸው ይህ እንደ ሆነ አመለከተ፤ ስለ እነሱም ሲል ጥንዶቹን በትጋት ሰበሰበ። «ቴክ» ለምትባለው ለአንዲቱ ግስ ብቻ 134 ፍች ሰጥቷል! እነዚህን ቢዘላቸው ኖሮ ከአገሩ ሰው የሚወቅሰው አልነበረም፤ የሚጎዳው እንደ እኛ ከሩቅ የሚማረው ነበር።

ሌላው አስቸጋሪ ነገር ከግሱ በፊት የሚቆመው ረዳት ግስ ነው። «ሻል»ን ከ«ዊል» መለየት ለባዕዳን ቀርቶ ለባላገሩ እንግሊዛዊም እንደሚያደናግር፣ ማስረዳቱም ቀላል እንዳልሆነ ጆንሰን ራሱ ጽፏል። በየቀኑ ንግግር ሁለቱ ችግሮች በአንድ ዓረፍተ ነገር ይገናኛሉ። «ዊ መስት ሴት አውት» ቢል ጉዞ መጀመር ግዴታ ነው፤ «ዊ ሹድ ሴት አውት» ቢል ምክር ነው፤ «ዊ ማይት ሴት አውት» ቢል ነገሩ ገና አልተቈረጠም። የኋላው ጥንድ ጉዞውን እንደ ያዘ ይቀራል፤ የፊተኛው ቃል ብቻ ተለውጦ የተናጋሪውን ሐሳብ ይለውጣል። በመካከል ያለውም ግስ ባለቤቱ ማንም ቢሆን አይለወጥም። «እሱን» የሚለው ተውላጠ ስም ሲመጣ ደግሞ እንደ «ጊቭ አፕ» ባሉት ላይ መካከል ይገባል፤ «ዩ ሹድ ጊቭ ኢት አፕ» እንጂ «ጊቭ አፕ ኢት» አይባልም። በፈጣን ንግግር ረዳቱ ግስ ተውጦ ሊያልፍ ሲል የመጨረሻዋ ትንሽ ቃል ጠንክራ ትሰማለች፤ ስለዚህ የሚያዳምጥ ሰው ጆሮውን ለሁለቱም ጫፍ ማዋል አለበት።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስደስት ነገር አለ። እኛ «ብድግ ማለት አለብህ» እንላለን፤ እንግሊዛዊው «ዩ መስት ጌት አፕ» ይላል። የእኛ ትንሽ ቃል «ብድግ» ከፊት ናት፤ የእነሱ «አፕ» ከኋላ ናት። የእኛ ግዴታ «አለብህ» መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ የእነሱ «መስት» ይቀድማል። በመስተዋት እንደሚታይ መልክ ግራውና ቀኙ ተለዋወጠ እንጂ ዕቃው አንድ ነው። ስለ «ብድግ»፣ ስለ «ዝም»፣ ስለ «እሺ» ማለት ማንም ሳያስተምረን የምናውቀውን ያህል፣ የሎንዶን ልጅም «ጌት አፕ»ን ያውቃል።

ወደ ጆንሰን ታሪክ እንመለስ። ሥራው ሳያልቅ በ1752 ዓ.ም. ሚስቱ ሞተችበት። ይረዳዋል ተብሎ የታሰበው ባለጸጋው ሎርድ ቼስተርፊልድ ለዓመታት ዘንግቶት ኖሮ፣ መጽሐፉ ሊወጣ ሲል ያመሰግነው ጀመር፤ ጆንሰንም በ1755 ዓ.ም. በደብዳቤ ምስጋናውን መለሰለት። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ከ42,000 በላይ ቃላት የያዘው መዝገበ ቃላት በሁለት ትልልቅ ጥራዝ ታተመ። ይህን ሁሉ የሠራ ሰው በዓመቱ ስድስት ፓውንድ ለማይሞላ ዕዳ ተያዘ!

በ1759 ዓ.ም. እናቱ በሞተች ጊዜ የቀብሯን ወጪ ለመክፈል በአንድ ሳምንት ምሽቶች ስለ አንድ የሐበሻ ልዑል ልብ ወለድ ታሪክ ጻፈ። ይህ «ራሴላስ» የተባለው መጽሐፍ በሲራክ ኅሩይ ተተርጉሞ በአማርኛ ይነበባል። ከችግር የወጣው በ1762 ዓ.ም. ንጉሡ በዓመት 300 ፓውንድ ጡረታ ሲቈርጥለት ነው። ከዚያም በኋላ ቢሆን ሥራውን አልተወም፤ በ1773 ዓ.ም. ለወጣው አራተኛ እትም መዝገበ ቃላቱን በገዛ እጁ አረመ። በ1784 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር ሞቶ በዌስትሚንስተር ገዳም ተቀበረ። ከሀብቱ አብዛኛውን የተናዘዘው በጃማይካ በባርነት ተወልዶ በቤቱ ላደገው አገልጋዩ ለፍራንሲስ ባርበር ነው። ረዳቶቹ ቃላቱን ይገለብጡበት የነበረው በጎፍ አደባባይ ያለው ቤት ዛሬም ቆሞ ሙዚየም ሆኗል።