የሳም ልጅ ሳም

ከሁለት መቶ ዓመት በፊት በሎንዶን ከተማ በቡጢ ስማቸው የገነነ አባትና ልጅ ነበሩ። ሁለቱም ደች ሳም ስለ ተባሉ፣ ሕዝቡ እንዳይሳሳት ልጁን ትንሹ ደች ሳም እያለ ይለየው ነበር። እኔ ልጽፍ ያሰብሁት ስለ ልጁ ነው፤ ዳሩ ግን ነገሩ ከአባቱ ካልተጀመረ አይገባም። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አባቱ፣ እውነተኛ ስሙ ሳሙኤል ኤልያስ፣ በ1775 በሎንዶን ምሥራቃዊ ክፍል፣ ፔቲኮት ሌን በሚባለው የድኾች የገበያ ሰፈር ከአይሁድ ወገን ተወለደ። ደች መባሉም ዘሩ ከሆላንድ የመጣ ስለ ሆነ ነው። በዚያን ዘመን በሎንዶን መንገድ አይሁዳዊን መስደብና መገፍተር እንደ ጨዋታ ይቈጠር ነበር። ዳንኤል ሜንዶዛ የተባለ አይሁዳዊ ቦክሰኛ በ1790ዎቹ የእንግሊዝ ሻምፒዮን ከሆነ ወዲህ ግን ብዙ ተሳዳቢ እጁን ሰበሰበ። ደች ሳምም በዚሁ መንገድ ተነሣ። ክብደቱ 60 ኪሎ ያህል ብቻ ሲሆን፣ እጅግ የሚበልጡትን ሰዎች ይጥል ነበር። ከታች ተነሥቶ ወደ አገጭ የሚወጣውን፣ ዛሬ አፐርከት የሚባለውን ቡጢ ያስለመደ እርሱ ነው ይባላል። ቶም ቤልቸር ከሚባለው ዝነኛ ጋር በ1806 እና በ1807 ሦስት ጊዜ ተጋጥሞ ሁለቱን አሸነፈ፤ አንዱ ያለ ውሳኔ ቀረ።

ትንሹ ሳም የተወለደው በ1808 ነው፤ ስሙም ሳሙኤል ኤቫንስ ነበር። አባቱ በ1810 ቤን ሜድሊን አሸንፎ ጨዋታውን ሲተው ልጁ ገና የሁለት ዓመት ሕፃን ስለ ነበር፣ አባቱን በድሉ ጊዜ ሊያውቀው አልቻለም። ሊያውቀው በቻለበት ዕድሜ ደግሞ ያገኘው ሌላ ሰው ነው። ደች ሳም ጂን የሚባለውን አረቄ አብዝቶ ይወድ ነበር፤ ለግጥሚያ ሲሰናዳ እንኳ አይተወውም ነበር። ከአራት ዓመት ዕረፍት በኋላ፣ በ1814፣ ሰውነቱ በመጠጥ ከተጐዳ ወዲያ ወደ ሜዳ ተመልሶ ኖስዎርዚ ለሚባል ዳቦ ጋጋሪ ተረታ። በ1816 በ41 ዓመቱ ሞተ። ለስምንት ዓመቱ ልጅ ስም ተረፈው፤ ሌላ የሚረባ ነገር መቅረቱ አይነገርም።

ስም ብቻ ግን ከቡጢ አያድንም። እንዲያውም የዝነኛ ልጅ ሲመጣ ተመልካቹ የሚያየው ልጁን ሳይሆን አባቱን ነው፤ ጥቂት ቢሳሳት ይስቅበታል። ለትንሹ ሳም ዕድል የሆነለት ዲክ ከርቲስ የሚባል ሰው ማግኘቱ ነው። ከርቲስ በስድስት ዓመት ብቻ የሚበልጠው፣ በዘመኑ ከቀላል ክብደት ቦክሰኞች ሁሉ የተካነ ነበር። በሜዳ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም በ1828 በክብደት ለሚበልጠው ለጃክ ፐርኪንስ ተሸንፏል። ልጁን አይቶ ወደደው፤ እግር አነሣሡንም አመታቱንም ሠራለት። ትንሹ ሳም በ1825 በ17 ዓመቱ ወደ ሜዳ ወጣ። ቁመቱም ክብደቱም ከአባቱ ይበልጥ ነበር።

ስለዚያን ጊዜ ቦክስ ጥቂት ልናገር፤ የዛሬው ተማሪ በጓንት የሚደረገውን ብቻ ያውቃልና። ያን ጊዜ ውጊያው በባዶ እጅ ነበር። አንድ ዙር ያበቃው በሰዓት ሳይሆን አንዱ በወደቀ ጊዜ ነው። የወደቀው ግማሽ ደቂቃ ይሰጠዋል፤ ረዳቶቹ አንሥተው በመካከል ወደ ተሰመረው መስመር ያቀርቡታል። ነጥብ የሚቈጥር ዳኛ ስላልነበረ ውጊያው አንዱ እስኪሸነፍ ይቀጥላል። ይህ ሁሉ በሕግ የተከለከለ በመሆኑም ግጥሚያው ከከተማ ርቆ በመስክ ላይ ይደረግ ነበር።

በእንዲህ ያለው ሜዳ ትንሹ ሳም ዘጠኝ ዓመት ያህል ቈየ። በ1828 ጃክ ማርቲን የሚባለውን የታወቀ አንጋፋ አሸነፈ። ከሁሉ የከበደው ግን በ1829 ከኔድ ኒል ጋር የተደረገው ሳይሆን አይቀርም፤ 71 ዙር ፈጅቷል። ሰባ አንድ ጊዜ መውደቅና መነሣት ማለት ነው! በዚያን ቀን ያሸነፈው የአባቱ ስም ነው የሚል ሰው ቢኖር እኔ አላምነውም። ኒል በ1831 እንደ ገና ገጠመው፤ እንደ ገናም ተሸነፈ። በ1834 ትንሹ ሳም ቶም ጌይነርን ረትቶ ጨዋታውን ተወ። ዕድሜው 26 ዓመት ነበር፤ ማንም አላሸነፈውም፤ አባቱ እንዳደረገውም ተመልሶ አልመጣም።

ይህን አንዱን ነገር ከአባቱ ውድቀት ተምሮ ይሆናል። ሁለተኛውን ግን አልተማረም። ጨዋታውን ከተወ በኋላ ገንዘባቸውንና ሌሊታቸውን በመጠጥ ከሚያጠፉ የመኳንንት ልጆች ጋር ዋለ፤ እነርሱም ከዝነኛው ሳም ጋር መታየትን ይወዱ ነበር። በሜዳ የጠነከረው ሰውነት በዚህ ተበላ።

በ1838 ደግሞ ክፉ ነገር ሆነ። ኦዌን ስዊፍት የሚባለው ቦክሰኛ ብራይተን ቢል ከሚባለው ጋር ሲገጥም ትንሹ ሳም የስዊፍት ረዳት ሆኖ ቆመ። ብራይተን ቢል በደረሰበት ጉዳት ሞተ። በዚያው ዓመት በወጣው አዲስ ደንብ የወደቀ ቦክሰኛ ያለ ረዳት በራሱ እግር ወደ መስመሩ እንዲመለስ፣ ይህን ካልቻለ ግን ተሸናፊ እንዲሆን ተወሰነ። ጓንትና የሦስት ደቂቃ ዙር የመጡት ከዚህ በኋላ፣ በ1867 በኵዊንስበሪ ደንብ ነው።

ትንሹ ደች ሳም በ1843 ሞተ። መምህሩ ዲክ ከርቲስም የሞተው በዚያው ዓመት ነው። ሳም 35 ዓመቱ ነበር፤ አባቱ ከኖረው በስድስት ዓመት ያንሳል።

በአሜሪካ፣ በኒው ዮርክ ግዛት ካናስቶታ በምትባል ከተማ የታላላቅ ቦክሰኞች ስም የሚጻፍበት ቤት አለ። የአባቱ ስም በ1997፣ የልጁ ስም በ2002 በዚያ ተጽፏል፤ የልጁም የተጻፈው ሳሙኤል ኤቫንስ ተብሎ ሳይሆን ትንሹ ደች ሳም ተብሎ ነው።