ዋሽንት ነፊው የፖሊስ አዛዥ

በማኅበራችን መጽሔት የአንድ የፖሊስ አዛዥ ሕይወት ሲቀርብ ቅር የሚላቸው ጓዶች እንደማይጠፉ እናውቃለን። ፍራንሲስ ኦኒል ግን ዛሬ የሚታወሰው በዱላው ሳይሆን በዋሽንቱ ነው።

የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1848 በደቡብ አየርላንድ፣ በኮርክ አውራጃ፣ ትራሊቤን በምትባል የገጠር ቀበሌ ነው። ዘመኑ የታላቁ ረሃብ ዘመን ነበር። የድሃው ገበሬ ምግብ የነበረው ድንች በበሽታ ጠፍቶ ሕዝቡ ሲረግፍ፣ በእንግሊዝ አገዛዝ ሥር እህልና ከብት በመርከብ እየተጫነ ከአገር ይወጣ ነበር። አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ፤ ከዚያ የሚበልጠው ተሰደደ። አብዛኛው የገጠር ዜማ በቃል እንጂ በወረቀት አልሰፈረምና ባለቤቱ ሲሞት አብሮ ይቀበር፣ ሲሰደድም አብሮ ይሰደድ ነበር።

ኦኒል በ16 ዓመቱ ከቤቱ ወጥቶ መርከበኛ ሆነ። ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ መርከባቸው ተሰብራ ቤከር በምትባል ደረቅ ደሴት ላይ ተጣሉ። በመጨረሻ ያነሣቻቸው መርከብ ሠራተኞች የሃዋይ ሰዎች ነበሩ፤ ስንቁም ለሁሉ የሚበቃ አልነበረም። ከሠራተኞቹ አንዱ ዋሽንት ነበረው። ኦኒል ተቀብሎ ቢነፋለት ሰውየው ደስ ብሎት ከምግቡ ያካፍለው ጀመር። ስለዚህ ሌሎቹ ከስተው ሆኖሉሉ ሲደርሱ እሱ ደህና ነበር።

በ1873 ቺካጎ ውስጥ ፖሊስ ሆኖ ተቀጠረ። ብዙም ሳይቆይ ሌባ ሊይዝ ሲል በጥይት ተመታ። ጥይቱ ከአከርካሪው አጠገብ ቀርቶ ዕድሜ ልኩን ይዞት ኖረ። ሕክምና ለምንማረው ይህ ብቻውን ያስገርመናል፤ ዋሽንት ትንፋሽና የቀና ጀርባ ይጠይቃልና። ከዚያ ማዕረግ በማዕረግ እያደገ ከ1901 እስከ 1905 የከተማዋ ፖሊስ ጠቅላይ አዛዥ ሆነ። በ1894 የባቡር ሠራተኞች አድማ ጊዜ ከሠራተኛው ወገን እንዳልቆመም አንሸሽግም።

ቺካጎ በዚያን ጊዜ ከየአውራጃው የመጡ አየርላንዳውያን የሞሉባት ከተማ ነበረች። አገር ቤት የአንዱ አውራጃ ሰው የሌላውን ዜማ ላያውቅ ይችላል፤ እዚህ ግን ሁሉም በአንድ ሠፈር ተገናኘ። ኦኒል ይህን አስተዋለ። ጥሩ ተጫዋች ሲያገኝ ፖሊስ አድርጎ ይቀጥራል እየተባለ ይታማ ነበር፤ ሐሜቱም ከእውነት የራቀ አልነበረም። እሱ ራሱ ዜማ በኖታ መጻፍ አይችልም። የሰማውን በቃሉ ይዞ፣ ስሙ የሚመሳሰል ግን የሥጋ ዘመዱ ያልሆነ ጄምስ ኦኒል ዘንድ ሄዶ ይጫወትለታል፤ ቫዮሊን ተጫዋቹ ጄምስ ይጽፋል። እንዲህ ተለቅሞ በ1903 የታተመው መጽሐፍ 1,850 ዜማ፣ በ1907 የወጣው የጭፈራ ዜማ መድበል 1,001 ዜማ ይዘዋል። የተማሩ ሰዎች ስሕተት አወጡለት፤ ከፊሉ ትችት ተገቢ ነው። ነገር ግን ተቺዎቹ ቢሮ ተቀምጠው ሲጠብቁ ሽማግሌዎቹ እየሞቱ ነበር።

በመካከሉ ኀዘን ቤቱን አልለቀቀም። ከልጆቹ ብዙዎቹን ቀበረ። በ1904 የመጨረሻው ወንድ ልጁ ሲሞት፣ ከሚስቱ ከአና ኀዘን የተነሣ በቤቱ ሙዚቃ ቀረ። ያን ሁሉ ዜማ የሰበሰበ ሰው በገዛ ቤቱ ዝም ብሎ ኖረ።

በ1931 መጻሕፍቱን ለኖተርዳም ዩኒቨርሲቲ ሰጠ፤ በ1936 ቺካጎ ውስጥ አረፈ። በ1951 አየርላንድ ውስጥ የባህል ሙዚቀኞች ማኅበር ተቋቁሞ ዜማው እንደገና ሲያንሠራራ፣ የ1907ቱ መድበል ውቅያኖሱን ተሻግሮ ከገጠር ቤቶች ገብቶ ተገኘ። ተጫዋቾቹ ርእሱን እንኳ አይጠሩም፤ መጽሐፉ ብቻ ይሉታል።