ሰር ጄፍሪ ቴይለር፦ የሞገድና የነውጠኛ ፍሰት ተመራማሪ

እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ሰር ጄፍሪ ኢንግራም ቴይለር የፈሳሾችንና የጋዞችን እንቅስቃሴ በመመርመር በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከፍተኛ ስም ካተረፉ ሳይንቲስቶች አንዱ ናቸው። የታዋቂው የሒሳብ ሊቅ የጆርጅ ቡል የልጅ ልጅ የሆኑት ቴይለር፣ እ.ኤ.አ. ማርች 7 ቀን 1886 በለንደን ተወለዱ።

በካምብሪጅ ትሪኒቲ ኮሌጅ የተማሩት ቴይለር፣ በ1910 በጋዝ ውስጥ ከድምፅ ፈጥኖ የሚጓዝን ድንገተኛ የግፊት ሞገድ የሚመለከት ጥናት አሳተሙ። የጋዙ ግፊት፣ እፍጋትና ሙቀት እጅግ ስስ በሆነ ንብርብር ውስጥ በቅጽበት እንደሚለወጥ በስሌት አሳዩ። የታይታኒክን መስጠም ተከትሎ በ1913 የበረዶ ተራሮችን ለመቃኘት በተላከችው ስኮሺያ መርከብ ላይ በሚቲዎሮሎጂ ባለሙያነት ተሰማርተው፣ የአየርን ነውጠኛ ፍሰት አጠኑ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት የፍንዳታ ሞገድን ስሌት አዘጋጁ። በ1945 በኒው ሜክሲኮ የተካሄደውን የመጀመሪያውን የአቶሚክ ቦምብ ሙከራ በስፍራው ተገኝተው ተመለከቱ። በ1950 ባሳተሙት ጽሑፍም የፍንዳታውን ፎቶግራፎች ብቻ በመመርመር፣ ጉልበቱ ከ16,800 ቶን ቲኤንቲ ጋር እንደሚመጣጠን ገመቱ።

በዚያው ዓመት ያቀረቡት ሌላው ጥናት ግን ከሁሉ በላይ ዘላቂ ሆኗል። ሎርድ ሬይሊ በ1883 ከባድ ፈሳሽ በቀላል ፈሳሽ ላይ ሲያርፍ ድንበራቸው እንደማይረጋ አሳይተው ነበር። ቴይለር ደግሞ ፍጥነት መጨመር እንደ ስበት ሁሉ ይህንኑ እንደሚያስከትል አረጋገጡ።

ይህን መነሻ በማድረግ አሜሪካዊው ሮበርት ሪክትማየር በ1960 በንድፈ ሐሳብ፣ የሶቪየት ኅብረቱ ተመራማሪ የቭጌኒ ሜሽኮቭ በ1969 በሙከራ አንድ እርምጃ ተራመዱ። የግፊት ሞገድ እፍጋታቸው የተለያየ ሁለት ተደራራቢ ጋዞችን ሲያቋርጥ፣ ድንበሩ ላይ ያለው ጥቂት መጨማደድ ሽክርክሪት ይፈጥራል። መጨማደዱም እያደገ የእንጉዳይ ቅርጽ ይይዝና በመጨረሻ ጋዞቹ በነውጥ ይቀላቀላሉ። ሞገዱ ከከባዱም ሆነ ከቀላሉ ጋዝ ወገን ቢመጣ ውጤቱ አይቀርም።

ሰር ጄፍሪ በ1944 የኮፕሊ ሜዳሊያ የተሸለሙ ሲሆን፣ ጁን 27 ቀን 1975 በ89 ዓመታቸው በካምብሪጅ አረፉ። ያጠኑት አለመረጋጋት በሚፈነዱ ከዋክብት ውስጥ ይታያል፤ በሌዘር የኑክሌር ውህደት ለመፍጠር በሚደረገው ጥረትም ዋነኛ እንቅፋት ነው። በዲሴምበር 2022 በካሊፎርኒያ የሎውረንስ ሊቨርሞር ቤተ ሙከራ 2.05 ሜጋጁል የሌዘር ጉልበት ተጠቅሞ 3.15 ሜጋጁል ማግኘት የቻለው፣ የነዳጁን ቅንጣት ከመቀየጥ በመጠበቅ ጭምር ነው።